«ወዴት ልሂድ?»

አንዲት እህት የላከችልኝ ጥያቄ አጠር ሲል እንዲህ ይላል፦

«አባቴ 72 ዓመታቸው ነው። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። እናታችን ካረፈች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። እሷ ከማረፏ ትንሽ ቀደም ብሎ ከተወለድንበት ሰፈር ተነስተን ኮንዶሚኒየም ገባን፤ አራተኛ ፎቅ። አባቴ ደም ግፊትና ስኳር አለባቸው፤ መድኃኒታቸውን በሥርዓት ይወስዳሉ። ግን ሰውየው ጠፉብን። ቀኑን ሙሉ ጋቢያቸውን ደርበው ሶፋ ላይ ናቸው። ቴሌቪዥኑ ክፍት ነው፤ አያዩትም። ሌሊት እንቅልፍ የላቸውም። ‹አባዬ፣ እባክዎ ትንሽ ዎክ ያድርጉ› ስላቸው ‹ለማን ብዬ?› ይሉኛል። ወንድሜ ካናዳ ነው፤ ትሬድሚል እንግዛላቸው ይላል። ለመሆኑ እንቅስቃሴ ለእንዲህ ያለ ድብርት ይረዳል? መድኃኒትስ ይተካል?»

እህቴ፣ ዋናውን መልስ ላስቀድም። አዎ፣ ይረዳል። በዕድሜ የገፉ ሰዎችንም ይረዳል። ድባቴው ቀላል ወይም መካከለኛ ከሆነ በደንብ ይረዳል፤ ሲከብድ ግን ብቻውን አይበቃም። ትሬድሚሉን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። አሁን የያዘኝ «ለማን ብዬ?» ያሏት ነገር ናት። ስንፍና እንዳይመስልሽ። እኔ የአእምሮ ሐኪም ነኝ፤ ይቺን ቃል ወይም እህቷን ሳልሰማ የማልፈው ሳምንት የለም።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት የሰባ ዓመት እናት ልጃቸው ይዛቸው መጣች። ከፍቷቸዋል፣ ምግብ አስጠልቷቸዋል፣ ከቤት አይወጡም። መርምሬያቸው ስጨርስ «በቀን 30 ደቂቃ ይራመዱ» አልኳቸው። እንዳይረሱት ብዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩላቸው። በወሩ ሲመለሱ አንድ ቀንም አልተራመዱም። «ምነው እማማ?» ስላቸው ዓይን ዓይኔን አዩኝና «ልጄ፣ ወዴት ልሂድ?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። እኚህ እናት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲራመዱ ነው የኖሩት። ወፍጮ ቤት ሄደዋል። ገበያ ሄደዋል። ገና ጎሕ ሳይቀድ ኪዳን ለማድረስ ወጥተዋል። ለቅሶ፣ እድር፣ አራስ ጥየቃ፣ የታመመ ጥየቃ። አንድም ቀን ግን «እስቲ ልራመድ» ብለው ተነስተው አያውቁም። እግራቸው ሁልጊዜ ጉዳይ ነበረው። እኔ ጉዳዩን ትቼ እግሩን አዘዝኩት።

የአንቺም አባት እንዲሁ ይመስሉኛል። ዕድሜያቸውን ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመው የጨረሱ ሰው ናቸው። በድሮው ሰፈር ጋዜጣ ለመግዛት ሲወጡ እንኳ «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ» የሚላቸው ሰው አይጠፋም ነበር። ከዚያ ሥራው ሄደ፣ ሰፈሩ ሄደ፣ ሚስታቸው ሄዱ። አሁን ደረጃውን ቢወርዱ ማን ይጠብቃቸዋል? «ለማን ብዬ?» ሲሉ ዝም ብለው ያማረሩ አይምሰልሽ፤ ምክንያቱን በትክክል እየነገሩሽ ነው።

አንድ ነገር ልናገርና አትቀየሚኝ። እኛ አገር ሽማግሌ ሲከበር ይቀመጣል። ውሃ ሲጠማቸው እናመጣለን። ጫማቸውን እግራቸው ሥር እናደርጋለን። የበሉበትን ሰሃን እናነሳለን። ብድግ ሊሉ ሲሉ «ኧረ ይቀመጡ! በሞቴ ይቀመጡ!» እንላለን። ቀብር ልሂድ ሲሉ «ይደክሙብናል፣ እኛ ሄደን እንመጣለን» ብለን እናስቀራለን። እያንዳንዱ ብቻውን ሲታይ ፍቅር ነው። ሲደመር ግን ሰውየው ከጠዋት እስከ ማታ ከሶፋ የሚነሱበት ምክንያት አያገኙም። እኔ ራሴ በአንድ እሑድ ምሳ ላይ አባቴን ስንት ጊዜ «ይቀመጡ» እንዳልናቸው ቆጥሬ 11 ጊዜ ሆኖ አፍሬያለሁ። አንቺም አንድ ቀን ቁጠሪ።

አሁን ወደ ጥናቱ። «ይረዳል» ያልኩሽ በስሜት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ የሚገኘው የዱክ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። 156 ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም 50 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ ሁሉም በምርመራ የተረጋገጠ ድባቴ ያለባቸው። በሦስት ቡድን ተከፈሉ። አንዱ ቡድን ሰርትራሊን የሚባለውን የድባቴ መድኃኒት ብቻ ወሰደ። ሁለተኛው በሳምንት 3 ቀን ተቆጣጣሪ ባለበት እርምጃና ሶምሶማ ብቻ ሠራ። ሦስተኛው ሁለቱንም። በ16 ሳምንት ሲለካ የሦስቱም መሻል ተቀራራቢ ሆነ። መድኃኒት የወሰዱት ግን ቶሎ ቀለል ብሏቸው ነበር። ይህን አትርሺው፣ እመለስበታለሁ። ከተጀመረ በ10ኛው ወር ሲታዩ ደግሞ፣ ከተሻላቸው መካከል በእንቅስቃሴ ብቻ የዳኑት ላይ ድባቴው ተመልሶ የመጣው በጥቂቱ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «አየህ፣ ስፖርት መድኃኒትን ይተካል» ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ግን ሌላ ነገር አያለሁ። እነዚያ ሰዎች የተራመዱት በቡድን ነው። በሳምንት 3 ቀን የሚጠብቃቸው ሰው ነበር። ቢቀሩ «ምነው ቀሩ?» የሚል አለ። ታዲያ የዳኑት በእግራቸው ነው ወይስ በጠባቂያቸው? ሁለቱን መለየት ይከብዳል። እኔ ደግሞ መለየቱን አልፈልገውም፤ ሁለቱንም እፈልጋለሁ።

ተቃራኒውንም ልንገርሽ፤ መልካም መልካሙን ብቻ መንገር ደግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የእንግሊዝ አገር ጥናት አለ። በ78 የአረጋውያን መኖሪያ ቤቶች 891 ሰዎች ተሳተፉ። ገሚሶቹ ቤቶች በሳምንት ሁለት ቀን የቡድን ጂምናስቲክ ተሰጣቸው። ድባቴው ግን አልቀነሰም። ሰዎቹ በጣም የደከሙ ነበሩ፤ ብዙዎቹ የመርሳት ችግርም ነበረባቸው። እኔ ከዚህ የወሰድኩት ይህን ነው፦ ጉልበት ሳያልቅ መጀመር ይሻላል፤ ደግሞም ሰውን ከወንበሩ አስነስቶ እጅ ማስጨብጨብ ብቻውን ሕይወቱን አይመልስለትም።

«አሁንማ አርጅቻለሁ፣ ጡንቻ ከየት ይመጣል?» ካሉሽ ደግሞ ይህን ንገሪያቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 የቦስተን ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው 90 ዓመት አካባቢ የሆነ 10 የአረጋውያን መኖሪያ ነዋሪዎችን ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት የማንሳት ሥራ አሠሩ። የእግር ጡንቻቸው ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። በዘጠና ዓመት! አባትሽ ገና 72 ናቸው፤ በዚህ ሒሳብ ልጅ ናቸው።

እንዴት ነው የሚሠራው ካልሽኝ፣ ስንንቀሳቀስ ሰውነት የሚያመነጨው ኢንዶርፊን የሚባለው ንጥረ ነገር ብዙ ተወርቶለታል፤ እሱ ብቻ አይደለም። ለእንደ አባትሽ ያለ ሰው ትልቁ ነገር እንቅልፍ ነው። ቀን ሶፋ ላይ የሚያንጎላጅጅ ሰው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ዓይኑ ይፈጣል። ያ ሰዓት ደግሞ ክፉ ነው፤ ሚስትም የምትታወሰው፣ ሞትም የሚታሰበው ያኔ ነው። የጠዋት ብርሃን ዓይን ውስጥ ሲገባ የሰውነት ሰዓት ይስተካከላል። አካል ሲደክም እንቅልፉ ይጠልቃል። ሌላው ደግሞ አእምሮ ራሱ ነው። አንድ የአሜሪካ ጥናት ላይ ለአንድ ዓመት በሳምንት 3 ቀን 40 ደቂቃ የተራመዱ አረጋውያን፣ ከማስታወስና ከስሜት ጋር የሚያያዘው ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል 2 በመቶ ያህል ሰፍቶ ተገኝቷል። ማፍታቻ ብቻ የሠሩት ላይ ግን እንደ ወትሮው ቀንሷል።

ከሁሉም በላይ ግን የቅደም ተከተል ነገር አለ። የከፋው ሰው «ስሜቱ ሲመጣ እወጣለሁ» ይላል። ድባቴ ላይ ስሜቱ ቀድሞ አይመጣም። ጤነኛ ሰው ደስ ሲለው ይወጣል፤ የከፋው ሰው ግን ወጥቶ ሲመለስ ነው ትንሽ የሚቀለው። ስለዚህ «ደስ አላለዎትም? ግድ የለም፣ ደስ ሳይልዎትም ይችላሉ» ማለት አለብሽ። ይህን ለመማር እኔም ዓመታት ፈጅቶብኛል።

አሁን ከመነሳታቸው በፊት። «መድኃኒታቸውን በሥርዓት ይወስዳሉ» ብለሻል፤ ጥሩ። ግን ድባቴ የሚመስሉ ሌሎች በሽታዎች አሉ። የእንቅርት ሆርሞን ሲያንስ ሰው ይቀዘቅዛል፣ ይደክማል፣ ይደበታል። የደም ማነስም እንዲሁ። አባትሽ ለስኳር የሚወስዱት ሜትፎርሚን ከሆነና ዓመታት ከቆዩበት፣ መድኃኒቱ ቫይታሚን ቢ12ን ሊያሳንስ ይችላል። ቢ12 ሲያንስ ደግሞ ድካም፣ የእግር መደንዘዝ፣ የስሜት መውረድ ይመጣል። እነዚህን በደም ምርመራ ያሳዩ። ዓይናቸውንና ጆሯቸውንም አስመርምሪ። ሞራ የጋረደው ዓይን ደረጃ አያይም፤ ያልሰማ ሰው ደግሞ «ምን አልክ?» ማለት ሲሰለቸው ከሰው ይሸሻል።

አንድ ለሴት ልጅ የማይነገር ነገር አለ። ሽንት። በእሳቸው ዕድሜ ብዙ ወንድ የፕሮስቴት ችግር ይጀምረዋል። አንዳንድ የግፊት መድኃኒት ደግሞ ሽንት ያበዛል፤ ጠዋት ተውጦ ለተወሰነ ሰዓት ሰውየውን ከመጸዳጃ ቤት አያርቀውም። እዚህ ከተማ ውስጥ መንገድ ላይ ሽንት ቢመጣ የት ይኬዳል? መምህር ናቸው፣ ግድግዳ ሥር አይቆሙም። ስለዚህ «ደክሞኛል» ብለው ይቀመጣሉ። እኔ ጋ የመጡ አንድ አባት ሰባት ወር ከቤት ያልወጡት በዚህ ብቻ ነበር። ልጆቻቸው ሐዘን ነው ብለው ነበር። መድኃኒቱ የሚወሰድበትን ሰዓት ሐኪማቸው ቀየረላቸውና መውጣት ጀመሩ። ይህን አንቺ አትጠይቂያቸው፤ ወንድምሽ በስልክ ወይም ሐኪሙ ለብቻቸው ይጠይቃቸው።

ስሜታቸውንም የሚመዝን ሰው ያስፈልጋል። ለአረጋውያን የተዘጋጀ 15 የ«አዎ» ወይም «አይደለም» ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ አለን። አንዱ ጥያቄ ከመውጣት ይልቅ ቤት መቀመጥን ይመርጡ እንደሆነ ነው የሚጠይቀው። የአባትሽን መልስ አሁኑኑ መገመት እችላለሁ። ሐዘን ራሱ በሽታ አይደለም። ግን ዓመት ከመንፈቅ ቆይቶም መብላት፣ መተኛት፣ ከሰው መገናኘት ከቆመ፣ «ጊዜ ይፈታዋል» ብሎ መተው አይገባም።

እሺ፣ ከየት ይጀመር? ከሶፋው።

ሶፋው ጥልቅ ነው፤ ከሱ መነሳት ለወጣትም አይመችም። ጠንካራ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ግድግዳ አስደግፊ። አባትሽ ጫፍ ላይ ይቀመጡ፣ እግራቸውን ወደ ኋላ ሰብሰብ ያድርጉ፣ ደረታቸውን ወደ ፊት ያዘንብሉ፣ ይነሱ። ሲቀመጡ ዱብ አይበሉ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ቀስ ብለው። ትንፋሽ ማፈን የለም፤ ግፊት ከፍ ያደርጋል። ጠዋት 5 ጊዜ፣ ማታ 5 ጊዜ። በየሳምንቱ አንድ ሁለት እየጨመሩ እስከ 10። ይህ እንግዲህ መምህሩ ለተማሪዎቻቸው ሲያዙት የኖሩት ቁጭ ብድግ ነው። ይህን ብትነግሪያቸው ይስቁ ይሆናል። ከሳቁ ግማሹ ሥራ አልቋል።

መለኪያም ይሆንሻል። በ30 ሰከንድ ውስጥ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ስንት ጊዜ ቆመው እንደሚቀመጡ ቁጠሪና ጻፊ። ከ70 እስከ 74 ዓመት ላለ ወንድ ከ12 በታች ከሆነ እግሩ ደክሟል ማለት ነው። በ8ኛው ሳምንት እንደገና ቁጠሪ። የጂኦግራፊ ሰው ናቸው፤ ቁጥርና ግራፍ ይወዳሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ግድግዳ ላይ ሠንጠረዥ ይስሩ፤ ራሳቸው ይሙሉት። ከመነሳታቸው በፊት ስሜታቸውን ከ10 ስንት እንደሆነ፣ ከተመለሱ በኋላም እንዲሁ ይጻፉ። ብዙ ጊዜ 3 የነበረው 4 ይሆናል። 4 ብዙ አይደለም። ግን ራሳቸው የጻፉት 4፣ እኔ ከምነግራቸው 10 ምክር ይበልጣል።

ለሚዛን ደግሞ ኩሽና ውስጥ የሰሃን ማጠቢያውን ጠርዝ ይዘው፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ፊት ገጥመው ይቁሙ። ቡናው እስኪፈላ ይበቃል። ለክንድ አንድ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልተሽ በየእጃቸው ስጫቸው፤ አንድ ኪሎ ነው፣ ከሱቅ የሚገዛ ነገር አያስፈልግም።

ቀጥሎ ደረጃው። አራተኛ ፎቅ ሲሉሽ እስር ቤት ሊመስልሽ ይችላል፤ እኔ ግን ጂም ነው የምለው። መውጣቱ የልብና የትንፋሽ ሥራ ነው። መውረዱ የጉልበትና የሚዛን፤ መውደቅ የሚበዛውም ሲወርዱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ፎቅ ብቻ ወርደው ይመለሱ። መደገፊያውን ይያዙ። አንዱ ጉልበታቸው የሚያማቸው ከሆነ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የታመመው። ከዘራ የሚይዙ ከሆነ ከታመመው እግር በተቃራኒው እጅ ነው፤ ብዙ ሰው ተገላቢጦሽ ይይዘዋል። ጎረቤት ፈቃደኛ ከሆነ ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ አንድ ወንበር አስቀምጡ። ሸበጥ አድርጎ ደረጃ መውረድ ክልክል ይሁን። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ኮሪደሩ ድቅድቅ ነውና ስልካቸው ባትሪ እንዳለው እዪ።

መሬት ላይ ሲደርሱስ? አሁን «ወዴት ልሂድ?» ላይ ደረስን።

ጉዳይ ስጫቸው። እውነተኛ ጉዳይ ይሁን። ዳቦ የሚገዛው ልጅ ከዛሬ ጀምሮ አይግዛ። «አባዬ፣ ጠዋት እየረፈደብኝ ነው፣ ዳቦውን እርስዎ ቢያመጡልኝ» በያቸው። ካላመጡ ቁርስ ያለ ዳቦ ይበላ፤ አንድ ቀን ማንም አይሞትም። ሽማግሌ ሰው «ለጤናዎ» ሲባል አይሰማም፤ «እርዱኝ» ሲባል ግን ይነሳል።

ከዚህ የተሻለም አለ። ኮንዶሚኒየማችሁ ውስጥ የስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚጠብቅ፣ ካርታ ማንበብ ያስቸገረው ልጅ አይጠፋም። አባትሽ ያስተምሩት። ግን ልጁ ወደ እሳቸው አይምጣ፤ እሳቸው ይሂዱ። ሌላ ብሎክ ቢሆን ይመረጣል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከቀኑ 10 ሰዓት። በዚያ ሰዓት «ጋሼ ምነው ቀሩ?» የሚል ሰው ተገኘ ማለት ነው። ያ የዱክ ጥናት የነበረው ተቆጣጣሪ እኛ አገር የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ይሆናል።

የድሮው ሰፈር እድራችሁ ካልፈረሰ በወር አንዴ ወደ ስብሰባው ውሰጃቸው። ታክሲ ያስወጣል፤ ይውጣ። ቀብርም አትከልክያቸው። የጓደኛ ቀብር የሄደ ሰው ይከፋዋል ብለሽ ትፈሪ ይሆናል። ያልሄደው ነው ይበልጥ የሚከፋው።

መጠኑን ጠይቀሻል ብዬ ልቁጠረው። የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመት ለሞላቸው የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ 2 ቀን የጡንቻ ሥራ፣ 3 ቀን ደግሞ የሚዛን ሥራ ነው። ይህን ለአባትሽ አታንብቢላቸው። ስድስት ወር የተቀመጠ ሰው 150 ሲባል ተስፋ ይቆርጣል። በ5 ደቂቃ ይጀመር። በየሳምንቱ 3 ወይም 5 ደቂቃ ይጨመር። ፍጥነቱን በወሬ ለኪው፤ እየሄዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃታቸው ልክ ነው። ማውራትም ካቃታቸው ፈጥነዋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ዳገት ላይ ትንፋሽ ቢያጥራቸው አትደንግጪ፣ ቆም ብለው ይረፉ። ደረታቸውን ከጨመደዳቸው፣ ቁጭ ብለውም ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ወይም ከዞረባቸው ግን ያን ቀን ሐኪም ቤት ነው።

ስኳሩን አትርሺ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ባዶ ሆዳቸውን አይውጡ፤ ስኳር ሊወርድባቸው ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ምልክቱ ነው። ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ ከረሜላ ይኑር። ማታ ማታ እግራቸውን እዪ፤ ስኳር ያደነዘዘው እግር ጠጠር ቢወጋው አይሰማውም። ከአልጋ ሲነሱም ዘለው አይነሱ፤ የግፊት መድኃኒት ሲነሱ ያዞራል። ጠርዙ ላይ አንድ ደቂቃ ቁጭ፣ ከዚያ ብድግ።

ሃይማኖታችሁን አልጻፍሽም። የሚሰግዱ ከሆነ ግን ስግደቱን ከሒሳቡ አታስወጪው። ስግደትም ሆነ ሰላት መጎንበስና መነሳት ነው፤ ጉልበትንም ወገብንም ይሠራል። ያውም «ለማን ብዬ?» የሚል ጥያቄ የሌለበት እንቅስቃሴ ነው። ጉልበታቸው ካልፈቀደ ወንበር ይዘው ይጎንበሱ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ግን እርምጃው ከምግብ በኋላ ይሁን፤ የስኳር መድኃኒት እየወሰዱ መጾሙን ራሱ ከሐኪማቸውና ከነፍስ አባታቸው ጋር ይነጋገሩበት።

መድኃኒት ይተካል ወይ ላልሽው፣ ያን «አትርሺው» ያልኩሽን አስታውሺ። መድኃኒት የወሰዱት ቶሎ ቀለል ብሏቸዋል። ስለዚህ ሰውየው መብላት ካቆሙ፣ ከከሱ፣ ወይም ተስፋ ከቆረጡ 16 ሳምንት በእርምጃ አንጠብቅም። መድኃኒቱም እርምጃውም አብረው ይጀመራሉ። የድባቴ መድኃኒት የጀመረ ሰው ደግሞ «ስለተሻለኝ፣ እየተራመድኩም ስለሆነ» ብሎ በራሱ አያቋርጥ። የትኛው መድኃኒት እንደተሰጠም ጠይቂ። አሚትሪፕቲሊን እኛ ጋ በብዛት ይታዘዛል። አረጋዊ ሲወስደው ግን ሽንት ሊይዝ፣ ሆድ ሊያደርቅ፣ ሲነሱም ግፊት ወርዶ ሊጥል ይችላል። ለአባትሽ የመጀመሪያ ምርጫዬ አይሆንም።

አንድ ከባድ ነገር። «ሸክም ሆንኩባችሁ»፣ «ከእናትሽ ጋ በሄድኩ»፣ «ባላድር ደስ ይለኛል» የሚሉ ከሆነ፣ ወይም ንብረት ማከፋፈል፣ መድኃኒት ማጠራቀም ከጀመሩ፣ በቀጥታ ጠይቂያቸው። «አባዬ፣ ራስዎን ስለመጉዳት ያስባሉ?» በያቸው። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም፤ የተሸከሙትን ያቀልላቸዋል። አዎ ካሉሽ ብቻቸውን አትተያቸው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ውሰጃቸው። አማኑኤል ብቻ አይደለም የአእምሮ ሐኪም ያለው፤ በብዙ አጠቃላይ ሆስፒታሎች ውስጥም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ።

ለውጡን መቼ ትጠብቂ? መጀመሪያ የሚስተካከለው ብዙ ጊዜ እንቅልፉ ነው። ከዚያ ምግቡ። ስሜቱ ራሱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። መሃል ላይ የሚቀርባቸው ቀን ይኖራል። ክረምት ሲገባ ጭቃው ይይዛቸዋል፤ ያኔ ኮሪደሩና ደረጃው ይበቃል። አንድ ሳምንት ቢቋረጥ «ተበላሸ» አትበዪ፤ ካቆሙበት ትንሽ ዝቅ ብሎ መቀጠል ነው።

እናም ትሬድሚሉ። ይቅር። ብዙ ቤት ገብቼ አይቻለሁ፤ በሦስተኛው ወር ልብስ ማስጫ ነው። ደግሞ አባትሽን እዚያው ቤት ውስጥ፣ እዚያው ቴሌቪዥን ፊት፣ ብቻቸውን ነው የሚያስቀምጣቸው፤ የቆሙ ቢመስሉም። ለወንድምሽ ንገሪው። በዚያ ገንዘብ መጀመሪያ ሶሉ የማያንሸራትት፣ ከፊት ሰፋ ያለ ጫማ ይግዛ። ከተረፈ የእድር ታክሲውን ይክፈል።

ሌላም ሥራ ስጪው። እዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን እሱ ጋ ጠዋት ነው። ሶፋ ላይ እያሉ አይደውልላቸው። ብሎኩ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ሲደርሱ እሳቸው ሚስኮል ያድርጉለት፤ ያኔ በቪዲዮ ይደውልና የት እንዳሉ ያሳዩት።